«ስትገቡ ሁለት ነበራችሁ»

በነጻ በሚገባበት ኮንሰርት ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም። ትኬት የሚቆርጥ ከሌለ ስንት ሰው እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ «ሞልቷል፣ ይበቃል» ብሎ በር የሚዘጋም የለም። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን የገባኝ በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ደረቴ ከማላውቀው ሰው ጀርባ ጋር ተጣብቆ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው። ልጆቻችሁን ወይም ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ለመገኘት የምታስቡ ካላችሁ፣ ያየሁትን ሳልቆጥብ ልንገራችሁ። «አትሂዱ» ልል አይደለም። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሙዚቃዎች ሁሉ የዚያን ምሽቱን የሚያህል የለም።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ጊታር ያስተማረው ሰው የለም፤ ከጎረቤት በተዋሳት፣ ሁለት ክር በጎደላት ጊታር ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው። ሮክ ይወዳል። ጃኖ ባንድ ሮክን ከአገራችን ዜማ ጋር አዋሕዶ ካሳየ ወዲህ የእርሱ ቢጤ ልጆች በየከተማው ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ሮክ ሲጫወቱ በዓይኑ ያየ ግን ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው ቅዳሜ ጣና ዳር ወጣት ባንዶች በነጻ እንደሚጫወቱ የሰማ ዕለት ዕንቅልፍ አጣ። «እታለም፣ በነጻ እኮ ነው!» እያለ ከኋላ ከኋላዬ ሲዞር ሰነበተ። እናታችን «ከእህትህ ሳትለይ ከሆነ ሂድ» አለችው። አደራውን የተቀበልሁት እኔ ነኝ።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርገን አርብ ከሰዓት በኋላ ገባን። ከተማዋ በሰው ተጥለቅልቃለች። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ስለነበር፣ ከውጭም ከአገር ውስጥም የመጣው እንግዳ ገና አልተበተነም። እኛ ያረፍነው ዘመድ ቤት ነው። ዘመድ የሌላችሁ በጥምቀት ሰሞን አልጋ ሳትይዙ ከቤታችሁ አትነሡ፤ እዚያ ደርሶ መፈለግ የማይታሰብ ነው።

ቦታው እንዲህ ነው። መድረኩ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቷል። በግራ በኩል የአንድ ሆቴል የግንብ አጥር አለ። በቀኝ በኩል መሬቱ እየረጠበ ሄዶ ደንገል ውስጥ ይገባል። ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊው አስፋልት ነው። ብዙው ሰው ግን በአስፋልቱ በኩል አልገባም። በሆቴሉ አጥርና በአንድ ጅምር ሕንፃ መካከል ጠባብ ስርጥ አለች፤ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አታሳልፍም። ባጃጆቹ ሰው የሚያራግፉት ከስርጧ ማዶ በመሆኑ፣ እኛም እንደ ሰዉ በእርሷ ገባን።

ከስርጧ አፍ ላይ አንዲት እናት ከሰል አያይዘው፣ ዱካ ደርድረው ሻይ ይሸጣሉ። ገና 10 ሰዓት ስለነበር ቁጭ ብለን ጠጣን። ስንነሣ «ልጄ፣ ወደ ፊት አትግቡ። እዚያ ከገባችሁ እስኪያልቅ አትወጡም፤ እዚሁ ዳር ሁኑ፣ ድምፁ እንደሆነ ይደርሳችኋል» አሉኝ። «እሺ፣ እናቴ» አልሁ። ወንድሜ ግን ክንዴን ይዞ እየሳበኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ልከለክለው አልቻልሁም። ከመድረኩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር ላይ፣ ከግራው ድምፅ ማጉያ ፊት ቆምን። ለምን እዚያ ቦታ እንደተገኘ ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ጥሩ ቦታ ካያችሁ፣ ከእናንተ በፊት የመጡት ለምን እንደተዉት ጠይቁ።

የመጀመሪያው ባንድ ሲጀምር የድራሙ ምት ከእግሬ ገብቶ የጎድን አጥንቴን አንቀጠቀጠው። ትዝታን እንዲህ ባለ ጉልበት ሲጫወቱት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከእኛ ፊት ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ከበዓሉ በቀጥታ የመጡ የሚመስሉ አንድ አባት ነበሩ፤ መጀመሪያ ጆሯቸውን ያዙ፣ ቆይተው ግን ዱላቸውን በምቱ ልክ መሬት ላይ ይመቱ ጀመር። ወንድሜ አይዘፍንም፣ አይጮህም። የግራ እጁ ጣቶች ሱሪው ላይ ይሯሯጣሉ፤ ጊታሪስቱ የሚረግጠውን ክር ሁሉ እርሱም ጭኑ ላይ ይረግጣል። 

ፀሐይ ከሐይቁ በስተምዕራብ ስትጠልቅ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወጣ። ባንዱ ዝም አለ። ሰውየው ብቻውን ባቲን መታ፤ ያቺ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ያን ሁሉ ሰው ጸጥ አሰኘችው። ከዚያ ጊታሪስቱ ከማሲንቆው የሰማውን ቃል በቃል የሚባል ያህል በኤሌክትሪክ ጊታር መለሰለት። ማሲንቆው ጠየቀ፣ ጊታሩ መለሰ፤ ጊታሩ ጠየቀ፣ ማሲንቆው አሾፈበትና ሌላ መንገድ ያዘ። ቅኔ ሲዘረፍ በሰማ አገር ላይ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ምልልስ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ድራሙ ሲመለስ ሜዳው በሙሉ እስክስታ ሆነ። ወንድሜ አለቀሰ። እኔም ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ጆሮዬ ጭው ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ደስታው ስላሰከረን ችላ አልነው፤ ችላ መባል ያልነበረበት ነገር ነው። በሥራ ቦታ ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ስምንት ሰዓት መቆየት እንደሚቻል፣ ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ በጨመረ ቁጥር ግን ጊዜው በግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራሉ። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሮክ ኮንሰርት ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እኛ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆመናል። የእኔ ጆሮ እስከ ማግስቱ ማታ፣ የወንድሜ እስከ ሰኞ ሲጮህ ነበር። ሙዚቀኛ መሆን የሚፈልግ ልጅ ጆሮውን በ15 ዓመቱ ከጎዳ ምን ይቀረዋል? በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የጆሮ መሰኪያ መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይረዳም። መሰኪያ ካጣችሁ ራቁ፤ ሜዳ ላይ ከድምፅ ማጉያው ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ በዚያ ስሌት መቆየት የምትችሉበት ጊዜ በአራት እጥፍ ይረዝማል። ትንንሽ ልጆችንማ ከማጉያው ፊት ማቆም ፈጽሞ አይገባም። አንድ እናት ጨቅላ አዝለው አጠገባችን ቆመው ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ጨረቃ አልነበረችም። የመድረኩ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩም አብሮ ጠፋ፤ ሜዳው በአንድ ጊዜ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አብርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ፤ ወደ ገባበት። ሰው በገባበት ነው የሚወጣው። ሌላ መንገድ ቢኖርም የሚያውቀው እርሱን ነውና። ከኋላችን ሁለት መቶ ርምጃ በማይሞላ ርቀት ሰፊው አስፋልት ባዶውን ተዘርግቶ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከአዘጋጆቹም ከጥበቃዎቹም «በዚያ በኩል ውጡ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። መብራት የያዘ አንድ ሰው አስፋልቱ ጋ ቆሞ ቢጣራ ኖሮ ግማሹ ሰው በዚያ ይሄድ ነበር። በዚህ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ወደ ስርጧ ስንቃረብ መጀመሪያ ትከሻዬ በሁለቱም በኩል ሰው ነካ። ቀጥሎ ርምጃዬ አጠረ። ከዚያ መራመድ ቀረና መወሰድ ሆነ። ከኋላ ያለው ሰው ፊተኛው እንደቆመ አያይም፤ ጨለማ ነው፣ ስለዚህ ይገፋል። ክፋት አይደለም። የወንድሜን እጅ ይዤ ነበር፤ አንድ ግፊት ሲመጣ ጣቶቹ ከጣቶቼ መካከል አንድ በአንድ ሲወጡ ተሰማኝ። የመጨረሻዋ ትንሿ ጣት ነበረች። ስሙን ጠራሁ። ሁሉም ሰው የአንድ ሰው ስም እየጠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። በእንዲህ ያለ ግፊያ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ተረግጦ አይደለም፤ ቆሞ እንዳለ ደረቱ ተጨፍልቆ፣ አየር አጥቶ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን በሚባለው ጎብኚ በሚበዛበት ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ ከ150 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡት እንዲህ ነው። ያም ትኬት የሌለው የበዓል ምሽት ነበር። ያን ዜና የሰማሁ ቀን ያቺ ስርጥ ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። የሕዝብን ደኅንነት የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲቆም አደጋው ይጀምራል ይላሉ። በጨለማ ሰው መቁጠር አይቻልም፤ ሰውነታችሁ ግን ይነግራችኋል። ሳትፈልጉ በሁለቱም ጎን ሰው ከነካችሁ ቀስ ብላችሁ ለመውጣት ጊዜው ያ ነው። እጃችሁን አንሥታችሁ ፊታችሁን መንካት ካቃታችሁ ዘግይታችኋል።

ዘግይታችሁ ከሆነ ደግሞ እኔን ያተረፈኝን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ከጎኔ «እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ! አትጩኺ፣ ትንፋሽሽን ቆጥቢ!» አለኝ። ሁለቱን ክንዶቼን አጥፌ ደረቴ ላይ አደረግሁ፤ በእኔና በፊተኛው ሰው ጀርባ መካከል አንድ ጋት ክፍተት ተገኘች፤ በእርሷ ተነፈስሁ። ግፊቱ እንደ ሞገድ ነው፤ ይመጣል፣ ይላላል። ሲመጣ አትታገሉት፣ እግራችሁን ብቻ አጽኑ። ሲላላ ወደ ጎን፣ በሰያፍ አንድ ርምጃ ሂዱ። ወደ ኋላ ለመመለስ አትሞክሩ። ነጠላ ቢወድቅ፣ ጫማ ቢወልቅ፣ ስልክ እንኳ ቢጠፋ አታጎንብሱ። የእኔ አንድ እግር ጫማ እዚያው ቀርቷል። ከግንብም ራቁ፤ ሰው ይላላል፣ ግንብ አይላላም። ከፊታችን አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር፤ ሰዎች ተቀባብለው በራሳቸው ላይ አሳልፈው አጥሩ ላይ ለወጡ ወጣቶች ሰጧት። እነዚያ ወጣቶች ማንም ሳይልካቸው ነው የወጡት። ከአጥሩ ላይ ሆነው ወደ ኋላ «ቁሙ! ቁሙ!» እያሉ በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ጩኸቱ እየተቀባበለ ወደ ኋላ ሄደ፣ ግፊቱም ረገበ። ከዚያ ልንማረው የሚገባ ነገር ካለ ይህ ነው፤ «ቁሙ» የሚለው ከፊት ወደ ኋላ መተላለፍ አለበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢጮህ አይሰማም።

ከስርጧ ስወጣ በአንድ እግሬ ባዶዬን ነበርሁ። ስልኬን አወጣሁ። ደወልሁ፤ አይሠራም። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ኔትወርኩ አይችልም። አጭር መልእክት ጻፍሁለት፤ መልእክት ጥሪ በማያልፍበት ጊዜም አንዳንዴ ይሾልካል። የምንገናኝበትን ቦታ አስቀድመን አልተነጋገርንም ነበር። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። እግሬ ዝም ብሎ ወደ ሻይዋ እናት ወሰደኝ።

ወንድሜ ዱካው ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ተቀድዷል፤ ሌላ የሆነው ነገር የለም። ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ፣ እኔን ፍለጋ ተመልሶ ወደ ግፊያው ሊገባ ሲል ያስቀሩት እርሳቸው ናቸው። ክንዱን ይዘው «ስትገቡ ሁለት ነበራችሁ። እህትህ ወደዚህ ትመጣለች፤ ተቀመጥ» አሉት። በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መካከል እኛን የቆጠረን ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ልስም ስል «ተይ ልጄ፣ እሳቱን ትረግጫለሽ» ብለው አነሡኝ።

እንግዲህ ገና ስትገቡ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር፣ ይህን አድርጉ። ሜዳውን ዙሩትና ሁለት መውጫ ፈልጉ፤ አንደኛው የገባችሁበት አይሁን። የምትገናኙበትን ቦታ ወስኑ፤ «መድረኩ ጋ» አትበሉ፣ መድረክ ዙሪያው ሰው ነው። የማይንቀሳቀስና በጨለማም የሚታወቅ ነገር ምረጡ፤ ዋርካ፣ የነዳጅ ማደያ፣ ሻይ ቤት። ስልክ የሌለው ልጅ ከሆነ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ጨምሩለት። ሲያልቅም አትሩጡ። ወይ የመጨረሻው ዘፈን ሳያልቅ ውጡ፣ ወይ ሰዉ እስኪወጣ ተቀመጡ።

እኛ ዘግይተንም ቢሆን ሁለተኛውን አደረግን፤ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ሻይዋ እናት ጋ ተቀመጥን። ያ አንድ ሰዓት ብዙ አሳየኝ። ከግፊያው ለማምለጥ በደንገሉ በኩል ሐይቁ ውስጥ እየረገጡ የወጡ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። አንድ የጀልባ ሠራተኛ ሲያያቸው ተቆጣ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች አሉ፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣሉ። በጨለማ በእነርሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው ዕድሉ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ቁስል ባይኖርም በቆዳ አልፎ ይገባል። በውኃ የወጣችሁ ልጆች ካላችሁ ከሳምንታት በኋላ ሄዳችሁ አስመርምሯቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ብትሆንም ወባ አለ፤ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ። ከመሸ በኋላ ብርድም ስላለ ልብሱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ባጃጆቹ ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከወትሮው ሦስት እጥፍ ይጠሩ ነበር፤ እኛ ስንነሣ ወደ ወትሮው ዋጋ ተመልሰዋል።

ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ ማሲንቆ ተጫዋቹ መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ። ማሲንቆውን በነጭ ጋቢ ጠቅልሎታል። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ያ ባቲው ላይ መሀል ላይ ያደረጉት ነገር ምንድን ነው?» አለው። ሰውየው ሳቀ። ጋቢውን ገለጠና የወንድሜን አመልካች ጣት ይዞ ክሯ ላይ አስቀመጣት፤ «አትጫናት፤ ንካት ብቻ» አለው። ደጋኑን ራሱ ሳበው። ከከሰሉ ብርሃን በቀር መብራት አልነበረም። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወደ ውኃው ሄደ። ለዚያ ምንም መሰኪያ አያስፈልግም ነበር።

በሰፊው አስፋልት፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ እኔ በሻይዋ እናት ያረጀ ነጠላ ጫማ፣ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። ጫማውን በማግስቱ ከአንድ ኪሎ ስኳር ጋር መለስሁላቸው። ኔትወርኩ የመጣው መንገድ ላይ ነው፤ ለወንድሜ የጻፍሁት መልእክት ያኔ ገባለት፣ ወዲያው እናታችን ደወለች።

«ሁለታችሁም አላችሁ?» አለች።

«ሁለታችንም አለን» አልኋት።